ማሲንቆው አይደለም የተሳሳተው፦ የጎንደር ባንዶች፣ አዲስ ዕቃና የቅኝት ጣጣ

"ያን ሳጥን ዝጉልኝማ፣ ጆሮየን የሚያሳስተኝ እሱ ነው።"

ይሄን ያሉን ማሲንቆ የሚጫወቱልን ጋሼ ናቸው፣ ሳጥን ያሉት ደግሞ የኔን ኪቦርድ ነው። ፒያሳ አካባቢ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ በሩ ስር ጋቢ ጎስጉሰን፣ የባጃጁ ጩኸት እስኪቀንስ ጠብቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው ቀረጻ የጀመርነው። ዘፈኑ በአንቺሆዬ ቅኝት ነው። እኔ በኪቦርድ ስር ስሩን ይዣለሁ፣ እሳቸው በማሲንቆ ገቡ፣ ወዲያው ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን፣ የሆነ ነገር ይጎረብጣል። ቤዝ ተጫዋቻችን ስልኩ ላይ ያለውን የመቃኛ አፕ ከፍቶ ወደ ማሲንቆው አስጠጋው፣ መርፌዋ በሁለት ኖት መሃል ቀጥ ብላ ቆመች፣ አረንጓዴው አልበራም። "ጋሼ ትንሽ ከፍ ያድርጉልን" አላቸው። ከፍ አደረጉለት፣ አረንጓዴው በራ። ከዛ ሲጫወቱት ዜማው የለም! ኖቶቹ አሉ፣ አንቺሆዬ ግን የለም። ራሳቸውም አልወደዱትም፣ ደጋኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው ሳጥኑን ዝጉልኝ ያሉት።

ያቺን ማታ ደጋግሜ አስቤባታለሁ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የኛ ነበር። እሳቸው ማሲንቆ ሲይዙ እኔ ገና አልተወለድኩም፣ አንቺሆዬን የተማሩት ከአባታቸው ጉያ ነው፣ እኛ ግን በነፃ የወረደ አፕ አምነን እሳቸውን አረምናቸው።

አሁን ጎንደር ላይ የማውቃቸው ባንዶች ላፕቶፕና ሳውንድ ካርድ (ድምፅን ከማይክ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባው ዕቃ) አላቸው፣ የሌላቸውም ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀሙ ነው። ድሮ አንድ ዘፈን በደንብ ለማስቀረጽ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነበር፣ አሁን ቤት ውስጥ ይጀመራል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰው ስለዚህ ጉዳይ ሲያወራ ሁሌ ወሬው "ዘመናዊ ይሻላል ወይስ ባህላዊ" የሚል ክርክር ላይ ይወድቃል፣ አንዱ ወገን ኪቦርድ ሙዚቃችንን ገደለው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ዘመኑን ካልተከተልን እንቀራለን ይላል። ለኔ ሁለቱም ቦታውን ስተውታል። ችግሩ አዲስ ዕቃ መግባቱ አይደለም፣ ዕቃው ሲገባ የራሱን ቅኝትና የራሱን ሰዓት ይዞ መግባቱ ነው፣ እኛ ደግሞ ሳናስተውል ማሲንቆውን ለማሽኑ እንቃኛለን። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው፣ ማሽኑ ነው ለማሲንቆው መቃኘት ያለበት፣ ደስ የሚለው ደግሞ ይሄ አሁን በቴክኖሎጂ ይቻላል።

አዲስ መሣሪያ መሞከር ለኛ ሙዚቃ እንግዳ ነገር አይደለም እኮ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ሸክላ ላይ ያስቀረጹት በ1908 እ.ኤ.አ. ነው፣ በዛ ዘመን ከሸክላ የበለጠ አዲስ ዕቃ ምን ነበር? ጌታቸው መኩሪያ የኛን ሽለላ ከሰው ጉሮሮ አውጥተው ሳክስፎን ውስጥ ከተቱት፣ ማንም ደግሞ ይሄ ሽለላ አይደለም አላለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆነው አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ከድራም ማሽን ጋር ይዘው ብቻቸውን የቀዱት ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. ድጋሚ ታትሞ ስንት አገር ዞረ። ሙላቱ አስታጥቄም በ2007 እና 2008 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ በነበሩበት ጊዜ የአገር ቤት መሣሪያዎችን ስለማዘመን ሲሰሩ ነበር። እዚሁ ከተማችን ውስጥም ፋሲል ግቢ ስትገቡ ከ1716 እስከ 1721 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ዳዊት ሳልሳዊ ያሠሩት የዜማ አዳራሽ ፍራሽ አለ፣ በዛ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል፣ ለዘፈን ብሎ ቤት የሠራ ንጉሥ የነበረበት ከተማ ነው ይሄ።

ወደ ቅኝቱ ልመለስ፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ዶ እስከ ሚቀጥለው ዶ ያለው ርቀት 12 እኩል ቦታ ተከፍሏል፣ እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት ይባላል፣ በጠቅላላ 1200 ሴንት ማለት ነው። ይሄ አከፋፈል ከተፈጥሮ የመጣ ህግ አይደለም፣ ፈረንጆቹ ከየትኛውም ኖት ተነስተው መጫወት እንዲችሉ ብለው የተስማሙበት ነገር ነው፣ ለነሱ ይሰራል። የኛ አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ትዝታን ኪቦርድ ላይ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብለህ ብትጫወተው ብዙም አይጎረብጥም፣ ተቀራራቢ ነው። አንቺሆዬ ላይ ስትደርስ ግን ጣጣው ይመጣል። መጽሐፍ ላይ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ተብሎ ይጻፋል፣ ይሄ ጽሑፍ ግን ግምት ነው፣ አዝማሪው በጣቱ የሚያወጣቸው ድምፆች ከነዚህ ቁልፎች ወጣ ወረድ ያሉ ናቸው፣ አንቺሆዬን አንቺሆዬ የሚያሰኘውም ያ ወጣ ወረድ ነው። ወደ ቅርቡ ቁልፍ ጎትተህ ስታስተካክለው ቅመሙ ወጥቶ ውሃው ይቀራል።

ማሲንቆን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይሄ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። አንድ ጭራ ነው ያለው፣ የፈረስ ጭራ ተገምዶ፣ እንጨቱ ላይ ደግሞ እንደ ጊታር ፍሬት የሚባል ነገር የለም። እንደውም ጣት ጭራውን እንጨቱ ድረስ አይጫነውም፣ ከጎን ነው የሚነካው፣ ጭራው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የጋሼን ግራ እጅ ከቅርብ ሆኜ ቪዲዮ ቀርጬዋለሁ፣ ቀለበት ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ አያርፍም፣ ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ወደ ታች ሲመለስ ዝቅ ይላል፣ በጥፍር ስፋት ማለት ነው። ያቺ የጥፍር ስፋት ናት መርፌዋን መሃል ላይ ያቆመችው። አፑ ተሳስተዋል ሲል እሳቸው ግን ሁለት የተለያዩ ድምፆችን አውቀው ነበር የሚጫወቱት።

ሁለተኛው ማታ ነገሩን ገለበጥነው። ኪቦርዱን ዘጋሁት። ጋሼ ብቻቸውን አንቺሆዬን ቀስ አድርገው እንዲጫወቱልን ለመንናቸው፣ እያንዳንዱን ድምፅ እያቆዩ፣ ሲወጡም ሲወርዱም፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቀዳን። ከዛ እኔ ቁጭ ብዬ ድምፆቹን በሶፍትዌር አንድ በአንድ እያየሁ በሴንት መዘገብኩ፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አምስቱ ድምፆች ውስጥ ሦስቱ ብዙም አይንቀሳቀሱም፣ ሁለቱ ግን ተጓዦች ናቸው። ከዛ ኪቦርዱ ላይ ገብቼ እያንዳንዱን ቁልፍ እሳቸው ባሉበት ቦታ አስቀመጥኩት። ይሄ በተን እኮ ድሮም ነበር! ያማሃና ኮርግ ለአረብ ገበያ ብለው የሚያወጧቸው ኪቦርዶች አንድን ኖት በ50 ሴንት ዝቅ የሚያደርጉበት ቁልፍ አላቸው፣ ሜኑው ውስጥ ጠለቅ ብለህ ከገባህ ደግሞ በሴንት በሴንት ማስተካከል ይቻላል፣ እኛ ግን ስታይሉን (ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ምት) እንጂ እሱን ከፍተን አይተን አናውቅም።

ላፕቶፕ ላይ ለሚሰሩ ደግሞ ነገሩ ከበፊቱ ቀሏል። ሎጂክ የሚባለው የሙዚቃ መቅጃ ሶፍትዌር ላይ ቅኝት መቀየሪያው ቆይቷል። ኤብልተን ላይቭ የሚባለው ሌላው ሶፍትዌር ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር ላይ በወጣው 12ኛ ቨርዥኑ የተለያዩ የቅኝት ሥርዓቶችን መጫን የሚቻልበትን መንገድ አስገብቷል። ኪያም አላሚ የሚባል ኢራቃዊ ሙዚቀኛ ይሄንኑ ችግር አይቶ፣ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ሁሉ በአውሮፓ ቅኝት ብቻ መሰራታቸው ልክ አይደለም ብሎ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ላይማ የተባለ መሣሪያ ሰርቷል፣ በነፃ ነው፣ በብሮውዘር ይከፈታል፣ የራስህን ቅኝት እዛው ሰርተህ አዳምጠህ ታወጣዋለህ። የአውስትራሊያው ኪንግ ጊዛርድ ኤንድ ዘ ሊዛርድ ዊዛርድ የሚባለው የሮክ ባንድ ደግሞ ጊታሮቹ ላይ ተጨማሪ ፍሬት አስመትቶ በ2017 እ.ኤ.አ. በዛ ቅኝት አንድ ሙሉ አልበም ሰርቷል። ሮክ ተጫዋቾች ከ12ቱ ለመውጣት ጊታር ሲያስበሱ እኛ በእጃችን ያለውን ትተን ወደ 12ቱ ለመግባት ጋሼን ከፍ ያድርጉ እንላለን፣ እውነት ለመናገር ይሄ ያሳዝነኛል።

ግን ኪቦርዱን መቃኘት ብቻ አልጨረሰልንም። ሁለቱ ተጓዥ ድምፆች አንድ ቁጥር የላቸውም፣ ኪቦርድ ላይ ደግሞ የግድ አንድ ቁጥር መስጠት አለብህ። ብዙ ሞከርን፣ መሃሉን ሰጠነው፣ የላይኛውን ሰጠነው፣ ሁለቱም አልሆነም። መጨረሻ ላይ የሰራልን መንገድ ቀላል ነበር፣ እነዛን ሁለት ድምፆች ኪቦርዱ ጨርሶ እንዳይነካቸው ተውናቸው። እኔ የማይንቀሳቀሱትን ሦስቱን ብቻ እይዛለሁ፣ ረዘም ያለ ድምፅ አድርጌ፣ በገና እንደሚያንጎራጉረው ዓይነት፣ ተጓዦቹ የማሲንቆውና የዘፋኟ ናቸው። ለኪቦርድ ተጫዋች ይሄ ከባድ ነው፣ አስር ጣት ይዘህ በሦስት ቁልፍ መቀመጥ እጅ ያሳክካል፣ ግን ዘፈኑ ተነፈሰ።

ኦቶቲውንም እዚሁ ላይ መነሳት አለበት። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፣ የሚሰራውም የዘፋኝን ድምፅ ወደ ቅርቡ ኖት በመጎተት ነው፣ እና ዝም ብለህ በነበረበት ከለቀቅከው ቅርቡ ኖት ማለት ለሱ ከ12ቱ አንዱ ነው። አሁን በጣም ብዙ አዳዲስ ዘፈን ላይ አምባሰሉም አንቺሆዬውም አንድ ዓይነት ሲሆንብን አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፣ ዘፋኟ በትክክል ዘፍናው ፕሮግራሙ ያበላሸዋል። ካስፈለገ ፍጥነቱን አዘግይቶ፣ የማይነኩ ኖቶችን ለይቶ መጠቀም ይቻላል። ካላስፈለገ ይጥፋ።

ስለ ማይክና ፒክአፕ (መሣሪያው ላይ ተገጥሞ ድምፁን የሚይዘው ዕቃ) ደግሞ ብዙ ልጆች ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን ልናገር። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የጊታር ፒክአፕ በማግኔት ነው የሚሰራው፣ ብረት ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ናይለን ክር ባለው ክራር ላይ ብትገጥመው ዝም ይላል፣ ማሲንቆ ላይማ የፈረስ ጭራ ነው፣ ከየት አምጥቶ ይሰማዋል። ኤሌክትሪክ ክራር ላይ የሽቦ ክር የሚገባው ለዚህ ነው፣ ሽቦ ሲገባ ደግሞ ድምፁ ይሳላል፣ ለግርፍ፣ ክሮቹን አንድ ላይ ለሚመቱበት አጨዋወት፣ ደስ ይላል፣ ለድርደራ፣ አንድ በአንድ ለሚነኩበት፣ ግን የድሮው ለስላሳነት ይጠፋል። ማሲንቆ ላይ የሚሆነው ፒየዞ የሚባለው ነው፣ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ስስ የሆነ፣ ቆዳው ላይ ጭራውን ደግፋ ከቆመችው እንጨት አጠገብ የሚለጠፍ። ርካሽ ነው። እኛ መጀመሪያ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰካነውና ድምፁ እንደ ትንኝ ሆነ፣ ቀጭን፣ ሆድ የሌለው፣ ዕቃው ተበላሽቷል ብለን ልንጥለው ነበር። ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ፒየዞ በጣም ከፍተኛ ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) አለው፣ የሚሰካበት ቦታም 1 ሚሊዮን ኦም ወይ ከዛ በላይ መሆን አለበት፣ የማይክ መግቢያ ግን ጥቂት ሺህ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወፍራሙ ድምፅ እዛው ይቀራል። ሳውንድ ካርዱ ላይ "ኢንስት" የምትለዋን በተን ስትጫናት ወይም ዲአይ ቦክስ የምትባለውን ይሄን የምታስተካክል ትንሽ ሳጥን መሃል ስታስገባ ሆዱ ይመለሳል።

ፒየዞ ብቻውን ግን አይበቃም፣ የደጋኑን ፍጭት ነው አብዝቶ የሚይዘው። እኛ አንድ ማይክ ጨመርን፣ ከቆዳው ፊት ለፊት 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ አርቀን። ሁለቱን ስናደባልቃቸው መጀመሪያ ላይ ድምፁ ጎደለ እንጂ አልጨመረም። ምክንያቱም ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፣ ስለዚህ ማይኩ ጋ ከፒየዞው በአንድ ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ያቺ አንድ ሚሊ ሰከንድ አንዱን ሞገድ በሌላው ታጠፋዋለች። የማይኩን ትራክ ላፕቶፑ ላይ በዛችው ልክ ቀደም እንዲል ሳብ ስናደርገው ማሲንቆው ክፍሉ ውስጥ ያለ መሰለ፣ ከበሮ ተጫዋቻችን ሄድፎኑን አልሰጥም ብሎ ቆየ።

ከዛ ሙከራ ጀመርን። ፒየዞውን በዲስቶርሽን ፔዳል አሳለፍነው። ይሄን ሳደርግ ጋሼ ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ሲሰሙት ግን ቀና ብለው ተቀመጡና ቀረርቶ ጀመሩበት! ለካ ያ የሚሰነጣጠቅ ድምፅ ለፉከራና ለቀረርቶ የተሰራ ነው ሚመስለው፣ የጎንደር ሰው ደግሞ ቀረርቶ ሲሰማ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ድምፁን ወደ ታች አውርዶ የሚያወፍረው ኦክታቭ ፔዳል ግን አልሰራልንም፣ ማሲንቆ ሲንሸራተት ፔዳሉ ኖቱን ማግኘት አቅቶት ይንተባተባል፣ ለወፍራሙ ድምፅ ቤዝ ክራር ብንጠቀም ይሻላል ብለን ተውነው። ዲሌይ፣ ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልሰው፣ ቆንጆ ነው፣ ካልበዛ።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ሌላው ነው። ስቱዲዮ ስትገባ መጀመሪያ የሚሰጥህ ክሊክ ነው፣ ጆሮህ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል። ችክችካን በክሊክ መጫወት ይቻላል፣ ግን የማሽን ችክችካ ለምን ደረቅ እንደሚሆን ስናይ ረጅሙንና አጭሩን ምት ሁለት ለአንድ ብሎ በትክክል ስለሚከፍለው ነው፣ ከበሮ የሚመታ ሰው ግን እንደዛ አይከፍለውም፣ እስክስታው ሲግል ደግሞ ራሱ ዘፈኑ ይፈጥናል፣ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። እኛ ያደረግነው ማሲንቆና ከበሮን ያለ ክሊክ አንድ ላይ መቅዳት ነው፣ ከዛ በኋላ ላፕቶፑ ላይ ቴምፖውን በነሱ አካሄድ ልክ መሳል፣ ድራም ማሽኑም ሎፑም (እየተደጋገመ የሚጫወተው ቅጂ) እነሱን እየተከተለ ይሄዳል። ሥራው ብዙ ነው፣ ለአንድ ዘፈን ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ይሄ ሁሉ ሲባል ብር አለ ወይ? የለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ተነስቶ 100 አለፈ፣ ስለዚህ 200 ዶላር የሚሸጥ ሳውንድ ካርድ በባንክ ሂሳብ ከ11,400 ብር ወደ 20,000 ብር በላይ ዘለለ ማለት ነው፣ ትራንስፖርቱና ቀረጡ ሳይቆጠር። ለጀማሪ ባንድ የምመክረው ፔዳልና ፕለጊን ላይ ከመሮጥ አንድ ደህና ማይክና በዩኤስቢ ኃይል የሚሰራ ካርድ ላይ እንዲያተኩሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ካርዱም ከላፕቶፑ ይበላል፣ ቀረጻ አይቋረጥም። እኛ አንድ ምሽት ዴስክቶፕ ላይ ስንሰራ ሦስት ሰዓት የለፋንበት ቅጂ መብራት ሄዶ ጠፍቶብናል፣ ዘፋኛችን አለቀሰች፣ ድጋሚ እንደዛ አልዘፈነችውም። እንዲህ ያለ ዕቃ ሌላም ጥቅም አለው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። መንገዱ ሲፈቅድ እንደ ቡርባክስ መንደር አዝማሪዎች ያሉበት ቦታ ድረስ ይዞ ሄዶ ግቢያቸው ውስጥ፣ ዛፍ ስር፣ በራሳቸው ቅኝት መቅዳት ይቻላል። ክረምት ላይ ግን አልመክርም፣ እርጥበት ሲሆን ቆዳውም ጭራውም ይላላል፣ ጋሼ በየአስር ደቂቃው ከሰል ማንደጃው አጠገብ እያሞቁ ነው የሚጫወቱት።

አንድ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ሳምፕል፣ ከቅጂ ተቆርጦ ሌላ ዘፈን ውስጥ የሚገባ ድምፅ፣ ነው። አሁን የማሲንቆና የክራር ድምፅ እየተቀዳ፣ ተቆራርጦ፣ በፍላሽና በቴሌግራም ይዞራል፣ አንድ አዝማሪ አንድ ቀን የተጫወተው በአስር ዘፈን ውስጥ ይገባል፣ እሱ ግን አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ላይ ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም መብት ይሰጣል፣ ከዋኝ ማለት ደግሞ ማሲንቆ የሚጫወቱት ጋሼም ናቸው። እኛ በአንድ ገጽ ወረቀት ተፈራርመናል፣ ለቀረጻው ቀን ይከፈላቸዋል፣ ድምፃቸው ተቆርጦ ሌላ ዘፈን ውስጥ ከገባ ደግሞ እንደገና ይከፈላቸዋል፣ ስማቸውም ይጻፋል። ብዙ ብር አይደለም። ግን "ባህል የሁሉም ነው" እየተባለ የአንድን ሰው የጣት ሥራ በነፃ መውሰድ ለኔ ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም ላገኝለት አልቻልኩም።

የአንቺሆዬው የቅኝት ፋይል አሁን ተዘጋጅቷል። ጋሼን ለሌሎች ባንዶች እንስጥ ወይ ብለን ጠየቅናቸው፣ ትንሽ ዝም ብለው "ስጡ፣ ግን የኔ አንቺሆዬ መሆኑን ጻፉበት፣ የሌላ ሰው ሌላ ነው" አሉን፣ ልክ ናቸው፣ ቡርባክስ ያለው አዝማሪ ትንሽ ለየት አድርጎ ሊጫወተው ይችላል፣ የሱም መቀዳት አለበት። የፋይሉ ስም ላይ ስማቸውን ጽፈናል፣ ፍላሽ ይዞ ለመጣ ባንድ ሁሉ እንገለብጥለታለን። የባቲው ገና ነው። ዋሽንት ላይ አንዱን ቅኝት ከሌላው ለመቀየር ተጫዋቹ ዋሽንቱን ራሱን ነው የሚቀይረው፣ ዋሽንት የሚነፋልን ልጅ ደግሞ አራት ይዞ ይመጣል፣ እያንዳንዱን ለብቻ መለካት አለብን፣ ከአዘዞ ቅዳሜ ይመጣል፣ መብራት ካለ እንጀምራለን።